አሮጌ ላንድሮቨር፣ አዲስ ፍቅርና የወለጋ ቁልቁለት

የከተማ ልጅ መኪና ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሟን ነው፤ ቀጥሎ ሙዚቃዋን፤ በመጨረሻም ጎረቤት ምን እንደሚል። ግን ደግሞ ሌላ ዓይነት ልክፍት ያለባቸው ወጣቶች አሉ። የእነዚህኞቹን ልብ የሚያስደነግጠው አዲስ መኪና አይደለም። አባት ወይም አጎት በመስክ ሥራ ዘመኑ ሲያሽከረክረው የኖረ፣ አሁን ግቢ ጥግ ቆሞ ዶሮ እንቁላል የምትጥልበት አሮጌ ላንድሮቨር ነው። «ይሄን አስነስቼ፣ እጮኛዬን ከጎኔ አስቀምጬ፣ ወለጋ ድረስ እወስዳታለሁ! አያቴ አገር ኑኑ ቁምባ ገብተን ቡና እንጠጣለን!» ይላል እንዲህ ዓይነቱ ልጅ።

ሕልሙ አያስከፋም፤ እንዲያውም ደስ ይላል። ነገር ግን ጎበዝ፣ ሕልም ፍሬን የለውም፤ መኪና ግን ሊኖረው ይገባል!

ጊዜውም ራሱ ወጣቱን ወደ አሮጌው መኪና እየገፋው ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜው የገፋ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። እናም ትናንት «ቆርቆሮ» ተብሎ የተናቀው የአባት መኪና ዛሬ ዓይን ቢገባ ምን ይገርማል?

ለመሆኑ ምኑ ነው የሚወደደው?

ላንድሮቨር ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በራሽን ስለነበር አካሉን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። አሉሚኒየም ደግሞ እንደ ብረት አይዝግም። ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረውን መኪና ላዩን አይተህ «ውይ፣ እንዴት ያለ ጤነኛ ነው!» የምትለው ለዚህ ነው።

ታዲያ እንዳትታለል! ቀሚሱ አሉሚኒየም ቢሆንም አጥንቱ፣ ማለትም ሻንሲው፣ ብረት ነው። ዝገቱ የሚደበቀው እዚያ ነው። ስትገዛም ሆነ ከግቢ ስታስነሳ ከሥር ገብተህ ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ አድርገው። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው፤ አንዳንዴም መዶሻው ሰርጎ ይገባል። ቀለም አይቶ መኪና መግዛት መልክ አይቶ ከማግባት አይተናነስም።

ሌላው የሚወደድበት ምክንያት ጉልበቱ ነው። ላንድሮቨርም ሆነ ቶዮታ ላንድክሩዘር፣ በደርግ ዘመን ሠራዊቱ ሲነዳው የነበረው ዋዝም ጭምር፣ ከዋናው ማርሽ ጎን ተጨማሪ ማርሽ አላቸው። በድሮዎቹ ላንድሮቨሮች (ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲሪየስ በሚባሉት) ባለ ቀይ እራሷ ዘንግ ከባዱን ማርሽ ታስገባለች፤ ባለ ቢጫዋ ወደ ታች ስትጫናት የፊት ጎማዎችን ታሠራለች። ሁለት ነገር ያዝ፦ ቀይዋን የምትነካት መኪናው ቆሞ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ደግሞ የፊቱን ጎማ አስገብተህ አትንዳ። ኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል መንገድ ስለማይሄዱ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ይጨነቃሉ፤ መጨረሻውም ጋራዥ ነው።

ከመነሳትህ በፊት

«ሞተሩ ተነሳኮ!» ብሎ መንገድ የሚጀምር ሰው አለ። የሞተር መነሳት የጉዞ ዋስትና አይደለም። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ጎማው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እንኳ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ሊሆን ይችላል። ቺንጊያው ይደርቃል፤ የራዲያተሩ ጎማዎች ይላሉ፤ የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ይስባል። እርጥበት የሳበ የፍሬን ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ እግርህ ሥር ይሰምጣል። ስለዚህ የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይር። ከድሮዎቹ ብዙዎቹ የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ከቀደደ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል ማለት ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው የሚቆጥበው በራሱ ሬሳ ላይ ነው።

ባልስትራዎቹን ቁጠር፤ የተሰበረ ቅጠል አለ? መሪው ስንት ጣት ያህል ባዶ ይዞራል? የእጅ ፍሬኑ ዳገት ላይ ይይዛል? ስኮርታ ጎማው ነፋስ አለው? ክሪኩስ ይሠራል? ትርፍ ቺንጊያ፣ ካንዴላ፣ ካላማዳሪ፣ ገመድና 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ ጫን። የቀበቶ ነገር ደግሞ አይረሳ! ብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ወንበራቸው ቀበቶ የለውም። አስገጥም። ፖርቶ መጋላው ላይም ከባድ ዕቃ አትከምር። ቁመተ ረጅም መኪና ከላይ ሲከብድ ኩርባ ላይ መገልበጥ ይቀለዋል።

ለእጮኛው የወርቅ ሐብል የሚገዛ፣ ለፍሬኑ ግን ሸራ የማያስቀይር ወጣት ፍቅሩን ምን እንበለው?

መንገዱ ምን ይመስላል?

ከአዲስ አበባ ነቀምት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሆለታን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን እያልክ ወደ ጌዶ ደጋ ትወጣለህ፤ ከዚያ ወደ ባኮ ሙቀት ትወርዳለህ፤ በስሬ በኩል አድርገህ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወደተቀመጠችው ነቀምት ትገባለህ። በአንድ ቀን ደጋና ቆላ ደጋግሞ ማየት ማለት ይሄ ነው። ነቀምት ደርሰህ የሌቃ ነቀምቱን ገዥ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥትና የወለጋን ሙዚየም ሳታይ አትለፍ። ልጅቷን መኪና ብቻ አታሳያት እንጂ!

ከነቀምት መንገዱ ይበተናል። ወደ ምዕራብ ወደ ጊምቢ የሚሄደው ወደ ደዴሳ ሸለቆ ቁልቁል ይወርድና እንደገና ይወጣል። ወደ ደቡብ በአርጆ በኩል ወደ በደሌ የሚሄደውም ደዴሳን ይሻገራል። ወደ ሰሜን ያለው በአንገር ሸለቆ አድርጎ አባይን ተሻግሮ ቡሬ ይገባል። ኑኑ ቁምባ ደግሞ ከነቀምት በስተደቡብ፣ በዚያው በምሥራቅ ወለጋ ዞን ያለ ወረዳ ነው። አስፋልቱን ትተህ የጠጠርና የአፈር መንገድ ስትይዝ ያን ጊዜ ነው አሮጌው መኪና «አሁን ገና አገሬ ገባሁ» የሚለው።

ቁልቁለቱ ላይ

የሰው ሕይወት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ዳገት ላይ አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ ነው። ዳገት ያቃተው መኪና ይቆማል። ቁልቁለት ያቃተው ግን አይቆምም።

የድሮ ሰዎች ሕግ ቀላል ነው፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ከአናቱ ላይ ሳለህ ማርሽ ቀንስ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል። ፍሬን የምትነካው አልፎ አልፎ፣ ጠበቅ አድርገህ መልሰህ ለመልቀቅ ነው። እግርህን ፍሬን ላይ ጥለህ ሸለቆ ድረስ ከወረድክ ከበሮው ይግላል፤ ሸራው መያዝ ያቆማል፤ የተቃጠለ ሽታ አፍንጫህን ሲመታህ ጊዜው አልፏል። ሽታው ከመጣ ጠርዝ ይዘህ ቁም፤ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ውሃ አትድፋበት።

በፎሌ መውረድማ ጨርሶ አይነሳ! «ነዳጅ ለመቆጠብ ነው» የሚሉህን አትስማ። በፎሌ የወረደ መኪና በሞተር የሚያዝበት መንገድ የለውም፤ ፍጥነቱ ካየለ በኋላ ማርሽ ልመልስ ብትል አይገባልህም። የአንድ ሊትር ነዳጅ ዋጋ ከሁለት ነፍስ ጋር አይመዘንም።

ጭቃና ውሃ

ወለጋ ዝናብ የማይነፈገው አገር ነው። ቀዩ አፈር ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው የሚሆነው። ክረምቱን ተወው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ድንገት ጭቃ ከያዘህ ከመግባትህ በፊት የፊት ጎማውን አስገባ፤ ከተቀረቀርክ በኋላ ነዳጅ እየሰጠህ ማሽከርከር ጉድጓድ መቆፈር ነው።

ወንዝ ሲያጋጥምህ መጀመሪያ የሚገባው ጎማ አይደለም፤ እግር ነው። ጫማህን አውልቀህ ግባ፤ ወለሉ ድንጋይ ነው ወይስ ደለል? ውሃው ከጉልበት ካለፈ ወይም እግርህን የሚገፋህ ከሆነ ተመለስ። የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቅ የምትሻገረው ውሃ የለም።

ከጎንህ ያለችው ልጅ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ወንዶች ሆይ! ልጅቷ «ቀስ በል» ስትል ፍጥነት የሚጨምር ወንድ አለ። ጀግንነት መስሎት ነው። እሷ ግን በልቧ ሌላ ነገር እየጻፈች ነው፦ «ይሄ ሰው ነገ ልጄን ታሞብኝ ስለምነውም እንዲሁ ነው የሚሆነው።» ትዳር ማለት «ቀስ በል» ሲባል መስማት ነው፤ ጉዞው ይህን የምታይበት ጥሩ ፈተና ነው። እንግዲህ ማን ፈታኝ ማን ተፈታኝ እንደሆነ ለእናንተ እንተወው።

አንቺም እህቴ፣ ዝም ብለሽ ዕቃ አትሁኚ። መንጃ ፈቃድ ካለሽ በተራ ንጂ። ከሌለሽም ክሪክ እንዴት እንደሚቆም፣ ጎማ እንዴት እንደሚፈታ ከመነሳታችሁ በፊት አስተምረኝ በይው። «የሴት ሥራ አይደለም» ካለሽ፣ እሱ መንገድ ላይ ቢታመም መኪናውን ማን ሊያነሳ ነው? የት እንደምትሄጂ፣ መቼ እንደምትመለሺም ለቤተሰብሽ ተናገሪ።

ደግሞም አያት ቤት ሳይነገር ዱብ አይባልም። ቀድሞ መልእክት ይላክ። «ይቺ ማናት?» ተብሎ አደባባይ ላይ ከሚጠየቅ፣ «እጮኛዬ ናት» ተብሎ አስቀድሞ ቢነገር ለልጅቷም ክብር ነው። ያኔ ጩምቦው በቅቤ ርሶ ይቀርባል፤ አንጮቴውም ይቀቀላል፤ ቡናውም እስከ ሦስተኛው ይጠጣል። «አካም ጅርቱ» ብላ ሰላምታ መስጠትና «ገለቶማ» ብላ ማመስገን የቻለች እንግዳ የአያትን ልብ ገና ከደጅ ነው የምትወስደው።

ሰላሙን ሳትጠይቅ አትነሳ

ይህን ዘለን ብናልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብናል። የወለጋ ዞኖች ከ2011 ዓ.ም ወዲህ በትጥቅ ግጭት ብዙ ተጎድተዋል። በሰኔ 2014 ዓ.ም በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገድለዋል። በ2015ና በ2016 ዓ.ም ታንዛኒያ ውስጥ በመንግሥትና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት መካከል የተካሄዱት ሁለት ዙር ንግግሮችም ያለ ስምምነት ተቋጭተዋል። እኛ ተራራ ልናይ የምንመኝበት መንገድ ለአገሬው ሰው ገበያና ሆስፒታል የሚሄድበት፣ አንዳንዴም ሳይመለስ የሚቀርበት መንገድ ነው።

ስለዚህ ካርታ ከመዘርጋትህ በፊት ጠይቅ። መናኸሪያ ሄደህ በዚያ መስመር የሚሠሩትን ሹፌሮች፣ እዚያ ያሉ ዘመዶችህን፣ የወረዳውን አስተዳደር ጠይቅ። «ካራን ነጋዳ?» ማለት «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ማለት ነው፤ በየከተማው ደግመህ ጠይቀው። የጠዋቱ መልስ ለከሰዓት አይሠራምና። ማታ ጨርሶ አትንዳ። መልሱ «አይ» ከሆነ ወይም የተነጋገሩት ሰዎች ካመነቱ፣ ጉዞው ቀረ ማለት ነው። ተራራው የትም አይሄድም፤ አያትም ብትሆን የልጅ ልጇን በሕይወት ማየት ነው የምትፈልገው።

እስከዚያው መኪናህን ለመልመድ ሩቅ መሄድ የለብህም። ከአዲስ አበባ ብዙም የማይርቀው የመናገሻ ሱባ ደን መንገድ ዳገቱም ቁልቁለቱም ያስተምርሃል። እዚያም ቢሆን ጠይቀህ ነው የምትሄደው። ሱባ ላይ ፍሬኑ የሸተተ መኪና ደዴሳን ሊወርድ አይገባውም።

አንድ ባዶ ወንበር

መንገዱ ተከፍቶ፣ ሰላም ሆኖ የሄድክ ቀን ደግሞ አንድ ነገር አትርሳ። መኪናህ ለአንተ መዝናኛ ነው። መኪና አልፎ አልፎ ብቻ በሚገባበት ገጠር ግን የላንድሮቨር ድምፅ ሌላ ትርጉም አለው። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ በሰው ትከሻ በምትወርድበት አገር፣ ያቺ የኋላ ወንበርህ ሁለት ነፍስ ልታተርፍ ትችላለች። ስትመለስ ወንበሩን በከሰልና በሙዝ ሞልተህ አትምጣ። ባዶ ተወው፤ ነዳጅም አስተርፍ። ሰው አንስተህ ጤና ጣቢያ ካደረስክ ደግሞ ሒሳብ አትጠይቅ።

የዚያን ቀን አባትህ ያን መኪና ለምን እንዳልሸጠው ይገባሃል።