የኋላ ታሪክና የፍርድ ሚዛን፤ የአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ስድስት መነሻዎች ሲነጻጸሩ

በልብ ወለድ ድርሰት ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ታሪኩ ከሚጀመርበት ገጽ በፊትም እንደ ኖረ ተደርጎ ይታሰባል። የት እንደ ተወለደ፣ በማን እጅ እንዳደገ፣ ምን ተሰጥቶት ምን እንደ ተነፈገ የሚያስረዳው ክፍል የኋላ ታሪክ ይባላል። በመጽሐፍ ይህ ክፍል ለአንባቢ የሚነገር ነው። ተጫዋቹ የአንድን ሰው ሚና ይዞ በሚጫወታቸው የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ግን ነገሩ ይለያል፤ ለሚቀርበው ጥያቄ ሁሉ መልስ የሚሰጠው ተጫዋቹ ራሱ ስለ ሆነ፣ የኋላ ታሪኩ የሚሰማ ወሬ ብቻ ሳይሆን የሚፈርድበት ሚዛን ጭምር ይሆናል።

እነዚህን ጨዋታዎች የሚወዱ ወጣቶች ሲገናኙ ከሚከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ ከገጸ ባሕርያቱ የኋላ ታሪኮች የትኛው ይበልጣል የሚለው ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ የትኛው ይበልጥ ያሳዝናል በሚል መለኪያ የሚወሰን ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መለኪያው ሌላ መሆን እንዳለበት በአንድ ጨዋታ ምሳሌነት ለማስረዳትና ከዚሁ ለድርሰትና ለታሪክ ትምህርት የሚጠቅመውን ለመጠቆም ነው። አቅራቢው ወደ ጉዳዩ የገባው በጥናት ዕቅድ ተመርቶ ሳይሆን ከገዛ ልጁ ጋር በተነሣ ክርክር ምክንያት መሆኑን አስቀድሞ መናገር ይገባዋል።

ለምሳሌነት የተመረጠው «ድራገን ኤጅ፡ ኦሪጂንስ» የተሰኘው ጨዋታ ነው፤ የስሙ ሁለተኛ ክፍል «መነሻዎች» ማለት ነው። ያዘጋጀው በካናዳ በኤድመንተን ከተማ የተቋቋመው ባዮዌር የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። የድርሰቱ ዋና ጸሐፊ ዴቪድ ጌይደር ነበር። ታሪኩ የሚፈጸመው ፌሬልደን በተባለ ምናባዊ መንግሥት ነው። ከምድር ሥር የሚወጡ የጨለማ ፍጡራን አገሩን ሊያጠፉ ይነሣሉ፤ እነሱን ለመዋጋት የተቋቋመው የግራጫ ዘቦች ማኅበር በአንድ ጦርነት ላይ በመከዳቱ አባላቱ ያልቃሉ፤ ከተረፉት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ተጫዋች ጦር ለማሰባሰብ በየአገሩ ይዞራል።

ይህ ዋና ታሪክ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚለየው መግቢያው ነው። ተጫዋቹ በመጀመሪያ ሰው፣ ኤልፍ ወይም ድዋርፍ መሆኑን፣ ቀጥሎም ጦረኛ፣ ስውር ተዋጊ ወይም አስማተኛ መሆኑን ይመርጣል። ኤልፎች ጆሮአቸው የሾለ፣ በሰዎች ድል ተነሥተው አገራቸውን ያጡ ሕዝቦች ናቸው። ድዋርፎች ቁመታቸው አጭር፣ ከተማቸው ከምድር ሥር የታነጸ፣ አስማት ያልተሰጣቸው ናቸው። ከዚህ ምርጫ ስድስት መነሻዎች ይገኛሉ፤ እያንዳንዱም ተነብቦ የሚታለፍ መግለጫ ሳይሆን ተጫውተው የሚጨርሱት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። በስድስቱም መጨረሻ ደንከን የተባለው የግራጫ ዘቦች አዛዥ ተጫዋቹን መልምሎ ይዞት ይሄዳል።

በሰው መኳንንት መነሻ ተጫዋቹ በማዕረግ ከንጉሡ ቀጥሎ የሚገኝ መስፍን ልጅ ነው። ታላቅ ወንድሙ ጦሩን ይዞ በዘመተበት ሌሊት ሃው የተባለ የአባቱ የቆየ ወዳጅ ቤቱን በክህደት ይይዛል፤ አባት በቁስል፣ እናት ደግሞ ባሌን ትቼ አልሄድም ብላ እዚያው ይቀራሉ። ሐዘኑ ከባድ ነው፤ ትምህርቱ ግን ጥቂት ነው። ሃው በመግቢያው ላይ ክፉ ነው፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ በዋና ከተማው ሲገኝም ያው ክፉ ነው። ተጫዋቹ ደሙን ይመልሳል፤ የሚያገኘውም እርካታ እንጂ አዲስ ዕውቀት አይደለም። የደን ኤልፎች መነሻ ደግሞ በውበቱ ከሁሉ ይልቃል፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የተቆረጠ ነው። ተጫዋቹና ጓደኛው ታምለን በዋሻ ፍርስራሽ ውስጥ ጥንታዊ መስተዋት ያገኛሉ፤ ታምለን በዚያው ይጠፋል፤ ተጫዋቹም ይመረዛል። ከዚያ በኋላ ዋናው ታሪክ ይህን ነገር የሚያነሣው በጥቂቱ ነው፤ በደኑ ውስጥ የሚያጋጥመውም የራሱ ወገን ሳይሆን ሌላ የኤልፎች ነገድ ነው።

የአስማተኛው መነሻ ከሁለቱ ይሻላል። አስማት ያለበት ሕፃን ከወላጆቹ ተወስዶ በሐይቅ ላይ በቆመ ግንብ ውስጥ ያድጋል፤ ቢሸሽ ተከታትለው እንዲይዙት ደሙ በብልቃጥ ይቀመጣል። ጆዋን የተባለ አብሮ አደጉ ስሜቱንና አስማቱን አጥፍተው በድን ሊያደርጉኝ ነው፤ አስመልጠኝ ብሎ ይለምነዋል፤ በኋላ ግን አልሠራሁም ብሎ የማለበትን የተከለከለ የደም አስማት በእርግጥ ይሠራ እንደ ነበር ይገለጣል። ይኸው ጆዋን ቆይቶ አንድን ባላባት መርዞ በወህኒ ቤት ታስሮ ይገኛል። በሌላ መነሻ ለገባ ተጫዋች ሰውየው ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ወንጀለኛ ነው። ከግንቡ ለመጣው ግን ያታለለውም ያዘነለትም ጓደኛው ነው። እስረኛው አንድ፣ ወንጀሉም አንድ፣ ፍርዱ ግን ሁለት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ላይ መለኪያው ምን እንደ ሆነ መታየት ይጀምራል። የከተማ ኤልፎች መነሻ ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። በዋና ከተማዋ በዴኔሪም፣ በግንብ በታጠረ የኤልፎች የድኻ ሠፈር ሠርግ ተደግሷል። የከተማዪቱ ገዥ ልጅ ቮን ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ሴቶቹን ይጠልፋል። ተጫዋቿ ሴት ከሆነች ከተጠለፉት ሙሽሮች አንዷ እሷው ናት፤ ወንድ ከሆነ ከዘመዱ ከሶሪስ ጋር ሊያስጥል ይሄዳል። የአክስታቸው ልጅ ሺያኒ ግን እስኪደረስላት ተደፍራለች። ቮን በተያዘ ጊዜ ገንዘብ ተቀበሉና ሂዱ ይላል። መቀበልም ይቻላል፤ ጨዋታው አይከለክልም።

እንግዲህ በሌሎቹ አምስት መነሻዎች የገባ ተጫዋች ቮንን የሚያገኘው በወህኒ ቤት ነው። ብታስፈታኝ በመኳንንቱ ጉባኤ እደግፍሃለሁ የሚል ወጣት ባላባት ነው። እዚያው ወህኒ ቤት ሶሪስ የተባለ አንድ ኤልፍም ታስሯል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመጀመሪያ ጨዋታው የቮንን በር የከፈተው ድምፁን አስልቶ ነበር፤ ሶሪስንም እንደ ተራ እስረኛ አነጋግሮ አለፈ። ከወራት በኋላ በኤልፍ መነሻ ገብቶ የሠርጉን ቀን ባየ ጊዜ ያሳፈረው የቮን ክፋት ሳይሆን የራሱ ስሌት ነው።

ከስድስቱ የሚበልጡት ግን በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁለቱ የድዋርፍ መነሻዎች ናቸው፤ የሚበልጡትም በየግላቸው ሳይሆን ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው። በድዋርፎች ከተማ በኦርዛማር እያንዳንዱ ሰው በትውልድ መደቡ ተወስኖ ይኖራል። ወንድ ልጅ የአባቱን፣ ሴት ልጅ የእናቷን መደብ ትወርሳለች። ከመደቦቹ ሁሉ በታች ደግሞ መደብ የለሾች አሉ፤ ፊታቸው ላይ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ የተከበረ ሥራ ሁሉ የተዘጋባቸው ስለ ሆነ በልመናና በወንጀል ያድራሉ።

በአንደኛው መነሻ ተጫዋቹ የንጉሥ ኤንድሪን ሁለተኛ ልጅ ነው። ታናሽ ወንድሙ ቤሌን፣ ታላቃችን ትሪያን ሊገድልህ ይፈልጋል ብሎ በጆሮው ሹክ ይለዋል። ብዙም ሳይቆይ የትሪያን ሬሳ ከተጫዋቹ እግር ሥር ተጋድሞ ሳለ ቤሌን አባቱንና ምስክሮቹን አስከትሎ ይደርሳል። ሁለቱም ታላላቆች በአንድ ቀን ከዙፋኑ መንገድ ይወገዳሉ። ተጫዋቹ ጥልቅ መንገዶች ወደሚባሉት የጨለማ ፍጡራን መናኸሪያ ተጥሎ በሩ ይዘጋበታል።

በሌላኛው መነሻ ተጫዋቹ መደብ የለሽ ነው። እናቱ በመጠጥ ተጠምዳለች፤ እሱ ለቤራት ለተባለ የወንበዴዎች አለቃ ተላላኪ ሆኖ ይሠራል። እህቱ ሪካ ያላት ተስፋ አንድ ብቻ ነው፤ ለአንድ መኰንን ወንድ ልጅ ከወለደች ልጁ የአባቱን መደብ ስለሚወርስ ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ይነሣል። ተጫዋቹ የሰከረ ተዋጊ የጦር ልብስ ለብሶ፣ በሰውየው ስም በታላቁ የውድድር ሜዳ ገብቶ ያሸንፋል፤ ማንነቱ ሲታወቅ ግን ድሉ ወንጀል ሆኖ ይቈጠርበታል።

ሁለቱም ከዓመት ያነሰ ጊዜ ቆይተው ወደ ኦርዛማር ይመለሳሉ። ንጉሡ ሞቷል፤ ዙፋኑን የሚሻሙት ቤሌንና ሃሮውሞንት የተባለ ሽማግሌ መስፍን ናቸው። ጦር የሚገኘው አንዱን ካነገሡ በኋላ ስለ ሆነ መምረጥ ግዴታ ነው። ለልዑሉ ቤሌን ወንድም ገዳይ ነው። መደብ የለሹ ግን ወደ ቤተ መንግሥት ሲገባ እህቱን ሪካን በሐር ልብስ ያገኛታል፤ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ የልጁም አባት ቤሌን ነው።

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። አቅራቢው በልዑሉ መነሻ ገብቶ ሃሮውሞንትን አነገሠ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ጨርሳ በቤት የነበረችው ልጁ በመደብ የለሿ ገብታ ቤሌንን አነገሠች። ወንድሙን ያስገደለ ሰው እንዴት ይነግሣል ተብላ ስትጠየቅ፣ «አባዬ፣ አንተ እኮ ቤተ መንግሥት ነው የተወለድከው» አለች። አባት ሕግና ሥርዓት እያለ ብዙ ተናገረ። ሁለቱም ጨዋታውን ሲጨርሱ በመዝጊያው ላይ የተጻፈውን አነጻጸሩ፤ ቀናው ሃሮውሞንት ከውጭ የሚደረገውን ንግድ ቈርጦ የመደቡን አጥር አጠበቀ፤ ገዳዩ ቤሌን ጉባኤውን በትኖ ብቻውን ገዛ፤ ለመደብ የለሾች ግን በሩን ከፈተ። ክርክሩ በዚህ አልተፈታም፤ እስከ ዛሬም በምሳ ሰዓት ይነሣል።

ደራሲዎቹ ይህን ያገኙት ሐዘን በመጨመር አይደለም። ሁለቱ መነሻዎች በሐዘን ቢመዘኑ ብዙ አይበላለጡም። ያደረጉት ነገር አንድን ሰው በሁለት በር ማስገባት ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ የኋላ ታሪክ ዋጋው የሚታወቀው በመግቢያው ላይ ሳይሆን ወደ ታሪኩ መካከል ሲደረስ፣ የቀድሞው ሰው ተመልሶ በመጣ ጊዜ ነው።

ጨዋታውን ተከትለው የወጡት የዚሁ ተከታታይ ክፍሎች መንገዱን አልቀጠሉበትም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ክፍል አንድ የተወሰነ ሰብኣዊ ገጸ ባሕርይ ብቻ ሰጠ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው የዘር ምርጫን መለሰ፤ የኋላ ታሪኩ ግን የሚኖሩት ምዕራፍ ሳይሆን የሚነበብ አጭር ጽሑፍ ሆነ። የስድስት መግቢያዎች ድካም ቀላል እንዳልሆነ መገመት አያዳግትም፤ ሆኖም በጽሑፍ የተነገረ ትውልድና ኖረው ያዩት ትውልድ በፍርድ ጊዜ እኩል አይናገሩም።

ይህ ለመምህራን ማሠልጠኛ ምን ይፈይዳል ቢባል፣ መልሱ ከድርሰት ትምህርት ይጀምራል። ራሳችሁን በሌላ ሰው ቦታ አድርጋችሁ ጻፉ የሚለው መልመጃ የታወቀ ነው። አቅራቢው በሥራው አጋጣሚ ካያቸው ጽሑፎች ብዙዎቹ ግን በአንድ ዐይነት መንገድ የሚሄዱ ናቸው፤ ገጸ ባሕርዩ በመጀመሪያው አንቀጽ ወላጆቹን ያጣል፣ በሁለተኛው ይራባል፣ በሦስተኛው ይታመማል፤ ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም። የእርማቱ ቀይ ቀለም ፊደልንና ሥርዓተ ነጥብን እንጂ ይህን ጉድለት አይነካም።

ስለዚህ ዕጩ መምህራን በአንድ የግብር ሰብሳቢ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ቢጽፉ ይጠቅማል። አንደኛው በሰብሳቢው ልጅ፣ ሁለተኛው ግብሩን ባጣ ገበሬ ልጅ ስም የየራሱን የልጅነት ታሪክ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ በአንድ ገጽ ይጽፋል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሰብሳቢው አርጅቶና ተቸግሮ ወደ ሁለቱም ደጅ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ምን እንደሚያደርግ ይጽፋል። ጽሑፎቹ የሚነበቡት ከዚህ በኋላ ነው። የታሪክ መምህርም ይህንኑ በዘመነ ሰነዶች ሊሠራው ይችላል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ጨዋታው በአሜሪካ የዕድሜ ምደባ ከ17 ዓመት በታች ላሉ የማይሰጥ ነው፤ ከዚህ በላይ የተጠቀሰው የሠርጉ ታሪክም ምክንያቱን ያስረዳል። ወደ ክፍል የሚገባው የሁለት በር ዘዴው እንጂ ጨዋታው አይደለም፤ ለዚህም ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።