የጥሬ ዕቃ ጉዞና የፋብሪካ ሥራ ዕቅድ

ድሬዳዋ ከተማ የተወለደችው ከዕቃ ጉዞ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ አጠገብ በደረሰ ጊዜ፣ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ የተጠራችው ጣቢያ የነጋዴ፣ የጉምሩክና የመጋዘን ከተማ ሆነች። ከዚያም የባቡሩ የጥገና ሥራ ቤቶች፣ የጥጥ ፋብሪካውና በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተተከለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ተጨመሩላት። ዛሬም በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጣና ይህንኑ የቆየ ሥራ በአዲስ መልክ ቀጥለውበታል። እንዲህ ባለው ከተማ ለሚነግድ ሰው «ዕቃው የት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ የዕለት ጥያቄ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚገለጸው፣ ይህ ጥያቄ በግምት ሳይሆን በመዝገብ የሚመለስበትና መልሱም ለፋብሪካ ሥራ ዕቅድ የሚውልበት መንገድ ነው።

ሁለቱ ጉዳቶች

የዕቃን ጉዞ አለመከታተል በሁለት በኩል ይጎዳል። የመጀመሪያው የእጦት ጉዳት ነው። ጥሬ ዕቃ ያለቀበት ፋብሪካ መኪናው ቢቆምም ደመወዙ፣ ኪራዩና የባንክ ወለዱ አይቆሙም። ሁለተኛው የትርፍ ጉዳት ነው። እጦትን የፈራ ሥራ አስኪያጅ መጋዘኑን ከልክ በላይ ሲሞላ፣ በብዙ ድካም የተገኘው የውጭ ምንዛሪ በጆንያ ተቋጥሮ ይቀመጣል፤ ዕቃውም በእርጥበትና በአይጥ ይበላሻል። ብልህ የሆነ አሠራር በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚያልፈውን መንገድ መፈለግ ነው።

የመዝገቡ ሥራ

የሁሉም መሠረት መዝገብ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በልማት ድርጅቶች የሠራ ሁሉ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 እንደሚቈረጥ ያውቃል። ከእነዚህ ጋር በየዕቃው መደርደሪያ ላይ የሚንጠለጠለው ቢን ካርድ የገባውን፣ የወጣውንና የቀረውን በየቀኑ ያሳያል። ይህ አሠራር ጥንታዊ ቢመስልም ፍሬ ነገሩ ዛሬም አልተለወጠም፤ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቍጥር ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደተቀበለ፣ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሆነ መጻፍ አለበት።

ነገር ግን የመጋዘን መዝገብ ብቻውን አይበቃም። ዕቃ ወደ ፋብሪካው ሳይገባ በብዙ ቦታ ያርፋል፤ ገና በላኪው አገር ያለ፣ በመርከብ ላይ ያለ፣ በጅቡቲ ወደብ የተራገፈ፣ በደረቅ ወደብ የጉምሩክ ሥርዐት የሚጠብቅ አለ። ከገባም በኋላ ግማሽ ሥራው ተሠርቶ በመኪናዎቹ መካከል የቆመ ይኖራል። ለእያንዳንዱ ማረፊያ አንድ ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ያዘጋጀ ነጋዴ፣ ዕቃው በየትኛው ቦታ ከተለመደው ቀን በላይ እንደቆየ በአንድ እይታ ያውቃል፤ የወደብ ኪራይ ሳይከመርበትም ወኪሉን ይጠይቃል።

ዕቅዱ እንዴት ይሰላል

የሥራ ዕቅድ ከሚሸጠው ዕቃ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሰላል። ለዚህ የሲሚንቶ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። የኖራ ድንጋይና ሸክላማ አፈር ተፈጭተው እስከ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠሉ ክሊንከር ይሆናሉ፤ ክሊንከሩም ከጥቂት ጂፕሰም ጋር ሲፈጭ ሲሚንቶ ይወጣል። አንድ ፋብሪካ በሳምንት 6,000 ኩንታል ተራ ሲሚንቶ ሊያወጣ አቅዷል እንበል። ጂፕሰሙ ከመቶ አምስት ከሆነ 5,700 ኩንታል ክሊንከርና 300 ኩንታል ጂፕሰም ያስፈልጋል። ግማሽ ኩንታል በሚይዝ ከረጢት የሚታሸግ ስለሆነ 12,000 ከረጢት ይፈለጋል፤ ከመቶ ሁለቱ የሚቀደዱ ከሆነ ደግሞ 12,245 መዘጋጀት አለበት። በግምጃ ቤቱ ያለው 9,000 ከረጢት ብቻ ቢሆን፣ ክሊንከሩ ተራራ ቢያክልም በከረጢት ታሽጎ የሚወጣው ሲሚንቶ ከ4,500 ኩንታል አይበልጥም። የፋብሪካን ምርት የሚወስነው በብዛት ያለው ዕቃ ሳይሆን ያነሰው ዕቃ ነው፤ ያነሰውም ብዙ ጊዜ በዋጋው ትንሹ ሆኖ ይገኛል።

ከዚሁ ሥራ ሌላም ትምህርት ይገኛል። የክሊንከሩ እቶን አንድ ጊዜ ከቀዘቀዘ እንደገና ማሞቁ ብዙ ነዳጅ ይፈጃል፤ የውስጡንም ጡብ ይጎዳል። ስለዚህ በእቶኑና በወፍጮው መካከል የክሊንከር ክምችት ይያዛል። ወፍጮው ለጥገና ሲቆም እቶኑ ይነዳል፤ እቶኑ ሲቆም ወፍጮው ከክምችቱ ይፈጫል። መጠባበቂያ በየቦታው የሚበተን ሳይሆን፣ መቆሙ እጅግ የሚያስከፍለውን መኪና ለመጠበቅ በታሰበበት ስፍራ የሚቀመጥ መሆን አለበት።

መቼ ይታዘዝ?

ከባሕር ማዶ ለሚመጣ ጥሬ ዕቃ ዋናው ጥያቄ የማዘዣው ቀን ነው። አንድ የሳሙና ፋብሪካ በቀን 10 ኩንታል ኮስቲክ ሶዳ ይጠቀማል፤ የባንኩ ሰነድ ከተከፈተ ጀምሮ ዕቃው መጋዘን እስኪገባ 90 ቀን ይፈጃል፤ ለሚደርሰው መዘግየትም የ20 ቀን መጠባበቂያ ተይዟል እንበል። የ110 ቀን ፍጆታ 1,100 ኩንታል ነው። በመጋዘን ያለውና በመንገድ ላይ ያለው ተደምሮ ከዚህ ቍጥር ሲወርድ አዲስ ትእዛዝ መላክ ይገባል።

በመጋዘን 400፣ በመርከብ ላይ 500 ኩንታል ቢኖር ድምሩ 900 ነው። ባለመጋዘኑ «የአርባ ቀን አለን፤ ሌላውም እየመጣ ነው» ብሎ ሊረጋጋ ይችላል። ነገር ግን 900 ኩንታል የሚያልቀው በ90 ቀን ነው፤ ዛሬ የታዘዘውም የሚደርሰው በ90ኛው ቀን ነው። መጠባበቂያው ሳይታወቅ አልቋል፤ መርከቡ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ፋብሪካው አንድ ሳምንት ይቆማል ማለት ነው።

የመጠባበቂያው መጠን እንደ መንገዱ ነው። በ1969 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት የባቡሩ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ መቋረጡን የሚያስታውስ ሰው፣ አንድ መንገድ ብቻ የሚያምን ዕቅድ ደካማ መሆኑን ያውቃል። በጃፓን የቶዮታ ኩባንያ ከዕቃ መያዣው ጋር የሚዞር ካርድ አበጅቶ፣ ካርዱ ሲመለስ እንደ ትእዛዝ በመቍጠር ክምችቱን እጅግ አሳንሷል። ይህ የሚሳካው ግን አቅራቢው ቅርብና አስተማማኝ ሲሆን ነው። በዚሁ ከተማ ለሚሠራ ከረጢት ወይም ካርቶን ሊሞከር ይችላል፤ ሦስት ወር በባሕርና በብስ ለሚጓዝ ሶዳ ግን አይሆንም።

የባለሱቁ ድርሻ

የፋብሪካውን ዕቅድ ከሚያናጉት ነገሮች አንዱ የተጋነነ ትእዛዝ ነው። በከፊራ ያለ ባለሱቅ በሳምንት 10 ካርቶን ሳሙና ይሸጣል እንበል። ሳሙና ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ 20 ያዛል። ጅምላ ሻጩም ከብዙ ሱቆች ይህን ሲሰማ ፈላጊው የበዛ መስሎት በራሱ በኩል ይጨምርበታል፤ ፋብሪካውም ተጨማሪ ጥሬ ዕቃ ያስመጣል። ዕቃው ሲደርስ ግን ሱቁ ሁሉ ሞልቷል፤ ለብዙ ሳምንትም የሚያዝ ይጠፋል። የሚገዛው ሕዝብ በቍጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ትእዛዙ ብቻ ነው። አሜሪካዊው መምህር ጄይ ፎረስተር እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትንሽ የፍላጎት ለውጥ ወደ ፋብሪካው እየራቀ ሲሄድ እንዴት እንደሚያብጥ በስሌት አሳይቷል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደተባለው፣ በወሬ አብዝቶ የሚያዝ ባለሱቅ የገዛ ገንዘቡን በመደርደሪያው ላይ ያስራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ባለሱቁ ከትእዛዙ ጋር በዚያ ሳምንት በእውነት የሸጠውን ቍጥር ለጅምላ ሻጩ፣ ጅምላ ሻጩም ለፋብሪካው ቢያስታውቅ፣ ዕቅዱ በወሬ ሳይሆን በሽያጭ ላይ ይቆማል።

ለላኪዎችም

ይኸው መዝገብ ለላኪው ገበያ ነው። የሐረርጌን ቡና የሚልክ ነጋዴ የእያንዳንዱን ሎት ቍጥር ከገዛበት ስፍራ ጀምሮ ካልጠበቀ፣ ገዢው ስለ አንድ ጆንያ ቅሬታ ሲያቀርብ ጭነቱ ሁሉ ይጠረጠራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው ስለ ደን ጥበቃ የወጣው ደንብም ቡናው የበቀለበት መሬት እንዲታወቅ ይጠይቃል። የሚጸናበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ ዝግጅቱን እስከ መጨረሻው ቀን ማቆየት አይበጅም።

የኮምፒዩተር እርዳታ

ጆሴፍ ኦርሊኪ የተባለው ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከምርት ዕቅድ ወደ ጥሬ ዕቃ ፍላጎት የሚወርደውን ስሌት በኮምፒዩተር እንዲሠራ ካደረገ ወዲህ፣ ቀናት ይፈጅ የነበረው ሥራ በደቂቃ ይፈጸማል። ይሁን እንጂ መኪናው የሚያሰላው የተነገረውን ነው። በመዝገቡ 9,000 ተጽፎ በመደርደሪያው 7,000 ከተገኘ፣ የስሌቱ ፍጥነት ስሕተቱን ከማፋጠን በቀር አይረባም። ስለዚህ ውድ ፕሮግራም ከመግዛት በፊት በየሳምንቱ ጥቂት ዕቃዎችን እየመረጡ በእጅ መቍጠርና ከካርዱ ጋር ማስተያየት፣ ልዩነት ሲገኝም ቍጥሩን ከማረም አልፎ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል።

በመጨረሻም ለአነስተኛ ሥራ ቤት አራት ነገሮች ለመነሻ ይበቃሉ፤ በየዕቃው አንድ ካርድ፣ በመንገድ ላይ ስላለው ዕቃ አንድ ሰንጠረዥ፣ ለአንድ ምርት የሚገባው ጥሬ ዕቃ ዝርዝር፣ እንዲሁም ለእያንዳንዱ ዕቃ የማዘዣ ቍጥር። እነዚህን ለመጀመር የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚፈለገው በየቀኑ የሚጽፍ ታማኝ እጅና የተጻፈውን በየሳምንቱ የሚያነብ ሥራ አስኪያጅ ነው።