ደሙን በዓይን አትገምቱ

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ተብሎ እልልታው ከቀለጠ በኋላ የሰው ሁሉ ዓይን ሕፃኑ ላይ ነው። ወንድ ነው ሴት? ማንን መሰለ? ስንት ኪሎ ሆነ? ለእኛ ለሚድዋይፎች ግን ጭንቁ ገና መጀመሩ ነው። የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ፣ ይመግቡት የነበሩት የደም ሥሮች አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። የሚዘጋቸው የማህፀኑ ጡንቻ ነው፤ ሲኮማተር ጨምቆ ይይዛቸዋል። ካልተኮማተረስ? በእርግዝናው መጨረሻ በየደቂቃው ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ወደ ማህፀን ይሄዳል፤ ሂሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከወሊድ በኋላ በሚፈስ ደም በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እናቶች ይሞታሉ።

ዛሬ ግን መጻፍ የፈለግሁት ስለ ሥልጠናችን ነው። ማህፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን መስጠት፣ ፈሳሽ መስቀል ከእኛ መሃል የማይችል የለም፤ ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሱት በቃሉ ይወጣዋል። የሚያቅተን ከዚያ በፊት ያለው ነገር ነው፦ ደሙ መብዛቱን በጊዜ ማወቅ።

ለተማሪዎች የማሠራው ልምምድ አለ። ቀይ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ለክቼ፣ ከፊሉን አንሶላ ላይ፣ ከፊሉን ጎዝና ሞዴስ ላይ፣ የቀረውን ወለሉ ላይ አፈስና «ስንት ሚሊ ነው? ጻፉ» እላለሁ። ትንሽ ሲሆን አብዝተው፣ ብዙ ሲሆን አሳንሰው ይጽፋሉ። ሊትር ሙሉ የፈሰሰበትን አንሶላ አይቶ «400» የሚል አይጠፋም። ደግሞ ብዙ ዓመት የሠሩት ከጀማሪዎቹ እምብዛም አይሻሉም፤ ልዩነታቸው የተሳሳተውን ቁጥር በልበ ሙሉነት መጻፋቸው ነው። በሰው አይፈረድም፤ አንሶላ ይጠጣል፣ ደሙ ከእንሽርት ውሃና ከሽንት ጋር ይቀላቀላል፣ ፍራሽ ሥር ይገባል፣ ሌሊት ደግሞ መብራቱ ደካማ ነው። አጠገብ «የወሊድ ደም ነው፣ ይውጣላት» የሚሉ እትዬ ካሉማ አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመው ኢ-ሞቲቭ የተባለው ጥናት እዚህች ድክመት ላይ ነው የገባው። በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የመራው ሲሆን፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ያለ ቀዶ ሕክምና የወለዱ ከ200 ሺህ በላይ እናቶችን አካቷል። ዋናው መሣሪያ ከእናትየው መቀመጫ ሥር የሚነጠፍ፣ ታችኛው ጫፉ እንደ ከረጢት ሆኖ ደሙን የሚያጠራቅም፣ መስመር የተሰመረበት ስስ ፕላስቲክ ነው። ደሙ 500 ሚሊ ሲደርስ፣ ወይም 300 አልፎ እናትየው የመዳከም ምልክት ስታሳይ፣ ክርክር የለም፤ ሕክምናው ይጀመራል። ውጤቱ ምን ሆነ? እንደ ወትሮው በሠሩት ሆስፒታሎች ከመጠን በላይ ከደማቸው እናቶች የታወቀላቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በፕላስቲኩ በለኩት ግን 93 በመቶ። ከባድ የደም መፍሰስና በእሱ ሰበብ የሚመጣ ቀዶ ሕክምና ወይም ሞት ተደምሮ ከ4.3 ወደ 1.6 በመቶ ወረደ።

ልብ በሉ፣ አንድም አዲስ መድኃኒት የለበትም። ሁለተኛው ለውጥ የሕክምናው አሰጣጥ ላይ ነው። ድሮ የተማርነው አንዱን ሞክሮ፣ ጠብቆ፣ ካልሆነ ወደሚቀጥለው መሄድ ነበር። እዚህ ግን ማሸቱ፣ ኦክሲቶሲኑ፣ ደም መፍሰስን የሚገታው ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ ፈሳሹ፣ ደሙ ከየት እንደሚመጣ መፈተሹ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ነው የሚሠራው። አልቆም ካለ ሪፈር፤ ነገ ዛሬ የለም።

ስለ ትራኔክሳሚክ አሲድ ካነሳሁ አይቀር ኡታኮ ኦካሞቶን ሳልጠራ አላልፍም። ጃፓናዊት ተመራማሪ ናት፤ ከባሏ ጋር ሆና መድኃኒቱን ለዓለም ያስተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ልጇን አዝላ ላቦራቶሪ የምትገባ ሴት ነበረች። ሐሳቧ ከመጀመሪያው በወሊድ የሚደሙ እናቶች ነበሩ፤ በእነሱ ላይ እንሞክረው ብላ ሐኪሞችን ብትለምን ግን እሺ የሚላት አጣች። በ20 ሺህ እናቶች ላይ የተሠራው ትልቁ ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ እሷ በ98 ዓመቷ ያረፈችው አንድ ዓመት ቀድማ ነው። ጥናቱ ያሳየው ከወሊድ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ በደም መፍሰስ የሚመጣውን ሞት በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ ነው። ከዚያ ካለፈ ጥቅሙ አይታይም። ስለዚህ መድኃኒቱ ቁም ሳጥን ተቆልፎበት ቁልፉ የሌሊት ተረኛ ያልሆነ ሰው ኪስ ውስጥ ከሆነ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት አለው ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ሥልጠናው። እንደምታውቁት የእኛ ሥልጠና ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው የሚሰጠው፤ አምስት ቀን ፓወር ፖይንት፣ የሻይ ሰዓት፣ አበል፣ ሰርተፍኬት፣ ፎቶ። አበሉን አልቃወምም፤ ደመወዛችንን የምታውቁት ነው። ግን የማዋለጃ ክፍሉ ሁለት ሠራተኛ ወደ አዳራሽ ልኮ እነዚያ ሁለቱ ሲመለሱ የተማሩትን የሚያካፍሉበት ጊዜ ከሌለ ገንዘቡ ባክኗል። ኢ-ሞቲቭ ላይ ሠራተኛው የሠለጠነው እዚያው በሚሠራበት ክፍል ነው፤ ከመካከላቸው ሌላውን የሚያበረታታ ሰው ተመረጠ፣ የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ባንድ ቦርሳ ወይም ጋሪ ተሰናድቶ ተቀመጠ፣ የክፍሉ ውጤትም በየጊዜው ለሠራተኛው ተነገረው። እኔን ብትጠይቁኝ አንድ የአዳራሽ ሥልጠና ከምንሰጥ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት፣ ተረኛ ሲረካከብ፣ የሃያ ደቂቃ ልምምድ ብናደርግ ይሻላል።

ፕላስቲኩ እስኪደርሰን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ደረቁን ጎዝና አንሶላ አስቀድማችሁ መዝኑት፤ ከወሊዱ በኋላ ደግማችሁ መዝኑት፤ የጨመረው እያንዳንዱ ግራም አንድ ሚሊ ያህል ደም ማለት ነው። የኩሽና ሚዛን ይበቃል። በሚቀጥለው ተረኝነታችሁ መጀመሪያ በዓይናችሁ ገምቱ፣ ቀጥሎ መዝኑና ሁለቱን ቁጥሮች ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የእናትየውም የጤና ጣቢያውም ስም አያስፈልግም።