የትምህርት ቤት ባንድ መሪ ለመሆን የሚሻ ሰው ለቃለ መጠይቁ እንዴት ይሰናዳ?

የነሐስ መሣሪያ ባንድ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ አባትና እናት የሌላቸውን አርባ የአርመን ልጆች አይተው ወደ አዲስ አበባ እንዳስመጧቸው፣ ኬቮርክ ናልባንዲያንም መሪያቸው ሆነው «አርባ ልጆች» የተባለው ባንድ እንደ ቆመ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ነገር ግን ይህ ታሪክ ሲነገር መለከቱና ከበሮው ይወሳል እንጂ የመሪው ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይታሰብም። አርባ ልጅ የተረከበ ሰው ሙዚቀኛ ብቻ መሆን አይበቃውም።

ይህን ነገር ያነሣሁት አንድ ወዳጄ በአሜሪካ አገር ሙዚቃ አጥንቶ፣ የትምህርት ቤት ባንድ መሪ ለመሆን ሁለት ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ቀርቦ ያጫወተኝን ለጓደኞቼ ላካፍል ብዬ ነው። በዚያ አገር የባንድ መሪ እንደ ሒሳብና እንደ ታሪክ መምህር ሁሉ በደመወዝ የሚቀጠር መምህር ነው፤ በመንግሥት ትምህርት ቤትም የማስተማር ፈቃድ ይጠየቃል። በመስከረምና በጥቅምት ባንዱን በፉትቦል ጨዋታ ላይ በሰልፍ ያሰማል፤ ገና ሲቃረብ ኮንሰርት ያቀርባል፤ ከዚያም በመጋቢትና በሚያዝያ ገደማ ልጆቹን ዳኞች ፊት ያቀርባል። ስለዚህ ጠያቂዎቹ ርእሰ መምህሩ ብቻ አይደሉም፤ ሌሎች መምህራን፣ አንዳንድ ጊዜም የተማሪ ወላጆች ይቀመጣሉ።

ወዳጄ ትራምፔት ሲነፋ የሚደነቅ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ስለ ራሱ አነፋፍ ብዙ ተናገረ። ከጠያቂዎቹ አንዷ ግን፣ «ክላሪኔት የጀመረች ልጅ ድምፅ አልወጣ ብሏት ብታለቅስ ምን ታደርግላታለህ?» ብትለው ዝም አለ። ሥራውም ለሌላ ሰው ተሰጠ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ተሰናድቶ ስለ ነበረ ተቀጠረ። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል ማለት ይህ ነው። መሰናዶው ምን እንደ ነበረ ከዚህ ቀጥሎ እገልጻለሁ።

አንደኛ፤ ትምህርት ቤቱን ማወቅ ነው። በባንዱ ውስጥ ስንት ልጆች አሉ? ልጆቹ ከየትኞቹ ዝቅተኛ ትምህርት ቤቶች ይመጣሉ? ባለፈው ዓመት ምን ተጫወቱ? ይህን ሳይጠይቅ የሚቀርብ ሰው፣ የታመመውን ሳያይ መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ይቆጠራል።

ሁለተኛ፤ የራስን መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የሁሉንም መሣሪያ ጠባይ ማወቅ ነው። መሪው ባንዱን በሙሉ በቢ ፍላት ድምፅ ለማስጀመር ቢፈልግ፣ ፍሉትና ትሮምቦን ቢ ፍላት ብለው ያነባሉ፤ ክላሪኔትና ትራምፔት ግን ሲ፣ አልቶ ሳክስፎን ጂ፣ ሆርን ኤፍ ብለው ማንበብ አለባቸው። ይህን በቃሉ ያልያዘ መሪ ልጆቹ ፊት ይደናገራል። ለዚያች ለምታለቅሰው ልጅም መልሱ እዚሁ ላይ ነው፤ አስቀድሞ የአፉ ሸምበቆ ተሰንጥቆ ወይም ተጣሞ ታስሮ እንደሆነ ማየት፣ ቀጥሎ የከንፈሯን አያያዝ ማረም፣ መሣሪያውን ሁሉ ትቶ በአፉ ብቻ አንድ ድምፅ እንድታወጣ ማድረግ ነው። አንድ ድምፅ ከወጣላት እንባዋ ይደርቃል።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብ ሌላም ጥያቄ አለ፤ «አሥራ አምስት ከበሮ መቺ፣ ሁለት ክላሪኔት ቢኖርህ፣ ቱባ ግን ባይኖርህ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ነው። ከበሮ መቺዎቹን አባርራለሁ ያለ ሰው ወደቀ። ላለው ሰው የሚስማማ ቀላል ድርሰት መምረጥ፣ ፈቃደኛ የሆነውን ልጅ ወደ ጎደለው መሣሪያ ማዛወር፣ ለሚመጣውም ዓመት ወደ ዝቅተኞቹ ትምህርት ቤቶች ወርዶ መሣሪያዎቹን ለልጆች ማሳየት የተሻለ መልስ ነው።

ሦስተኛ፤ የገንዘብ ጉዳይ ነው። እንደ ቱባና እንደ ትልልቁ ከበሮ ያሉትን ውድ መሣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ይገዛል፤ ፍሉት፣ ክላሪኔትና ትራምፔት የመሳሰሉትን ወላጆች ይገዛሉ ወይም ይከራያሉ። እንግዲህ «ጥቂት ገንዘብ ብንሰጥህ ምን ትገዛለህ?» የተባለ ሰው አስቀድሞ በዕቃ ቤት ያለውን እንደሚቈጥር፣ የሚጠገነውንም እንደሚያስጠግን ቢናገር ይታመናል። መከራየት የማይችል የድኻ ልጅ ከባንዱ እንዳይቀር ምን እንደሚያደርግም ማሰብ አለበት። ወላጆች ያዋጡትን ገንዘብ ያለ ደረሰኝ መቀበል፣ የደራሲ መብት ያለበትንም ኖታ ያለ ፈቃድ ማባዛት ለመምህሩ መዘዝ ነው።

አራተኛ፤ ጠያቂዎቹ ልጆች አስመጥተው «እስቲ አስተምር» ሊሉ ይችላሉ። ጊዜው አጭር ነው። ስለዚህ ረዥም ድርሰት ከመምረጥ ስምንት መስመር የማይሞላ ክፍል መምረጥ ይበጃል። መምህሩ ጥቂት ይናገር፤ ልጆቹ ብዙ ይጫወቱ። አንድ ስሕተት ይረም፤ እንደገና ያስጫውት፤ ልዩነቱንም ልጆቹ ራሳቸው ይስሙት። ወዳጄ በሁለተኛው ፈተና ከመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠውን ከበሮ መቺ ስሙን ጠይቆ፣ ቆየት ብሎ በስሙ ጠራው። ከተቀጠረ በኋላ ርእሰ መምህሩ ያስታወሰው ይህንኑ ነበር።

አምስተኛ፤ እውነቱን መናገርና መልሶ መጠየቅ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ «በዓመቱ አንደኛ አደርጋችኋለሁ» ብሎ ቃል መግባት አይገባም። ከእርሱ በፊት የነበረውን መምህር መንቀፍም አያስከብርም፤ ልጆቹ ምናልባት ይወዱት ይሆናል። ይልቁንስ፣ «ልምምዱ በየትኛው ሰዓት ነው? አንድ ልጅ ስፖርትና ባንድ ቢገጥሙበት ማን ይወስናል?» ብሎ መጠየቅ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ምልክት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከእኛ መካከል ሙዚቃ አጥንቶ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚቆም ይኖራል፤ የሚበዛው ግን ለሌላ ሥራ ይቀርባል። ቢሆንም ነገሩ አንድ ነው። ጠያቂ የሚፈልገው የእኛን ችሎታ ለማድነቅ አይደለም፤ የራሱን ልጅ፣ የራሱን ገንዘብና የራሱን ጊዜ ለማን አደራ እንደሚሰጥ ለማወቅ ነው። ወዳጄ በመጀመሪያው ቀን ትራምፔቱን ይዞ ገባ፤ በሁለተኛው ቀን ልጆቹን አስቦ ገባ። የተቀጠረውም በሁለተኛው ቀን ነው።