ፍሬን «አልይዝም» የሚለው ምን ሆኖ ነው? በአሮጌ መኪና ቁልቁለት ለምትወርዱ

ከደብረ ታቦር ወረታ የምትመላለሱ ታውቁታላችሁ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወረታና የፎገራ ሜዳ ደግሞ 1,800 አካባቢ። አንድ አሮጌ ሚኒባስ ሰውና ድንች ጭኖ 900 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። በጣራ ገዳም ስር፣ በአዲስ ዘመን አድርጋችሁ ጎንደር የምትሄዱም ጉዳዩ ይመለከታችኋል።

እንዴት ነው የሚሠራው?
ፔዳሉን ስንረግጥ የምንገፋው ዘይት ነው። ዘይት አይጨመቅም፤ ግፊቱን እስከ ጎማው ያደርሳል፣ የፍሬን ሸራውም ይይዛል። አየር ግን ይጨመቃል። መስመሩ ውስጥ አየር ከገባ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ሾፌሩ ደጋግሞ ካልረገጠው አይዝም።

ሌላው ጠላት ውሃ ነው። የፍሬን ዘይት ቀስ እያለ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን ይህ መጠን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል። አደገኛው ነገር፣ መኪናው ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ መመለሱ ነው። «ደህና ነው» ተብሎ ይታለፋል።

አየሩ እንዴት ይወጣል?
1. ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከማስተር ሲሊንደሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ነው፤ በግራ መሪ መኪና የኋላ ቀኝ።
2. የአየር መውጫው ብሎን ላይ ቀጭን ላስቲክ ተሰክቶ ጫፉ ዘይት ባለው ጠርሙስ ውስጥ ይገባል።
3. አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ብሎኑን ይከፍታል። ፔዳሉ ሳይለቀቅ ብሎኑ ይዘጋል። አረፋ እስኪጠፋ ይደጋገማል።
4. የዘይት ማጠራቀሚያው በመሃል ባዶ መሆን የለበትም። ባዶ ከሆነ አየር ይገባል፣ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

የወጣው ዘይት ተመልሶ አይጨመርም። የሞተር ዘይትማ በፍጹም! ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻል። ኤቢኤስ ያለው መኪና በመሣሪያ ሊሠራ ስለሚችል ለመካኒክ ተዉት። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ጥሩ ልማድ ነው። ማጠራቀሚያው ቶሎ ቶሎ የሚጎድል ከሆነ ግን መጨመር ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ የሚያፈስ ቦታ ወይም ያለቀ ሸራ አለ።

ቁልቁለት ላይስ?
ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መልቀቅ ሸክሙን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጥላል። በከባድ ማርሽ ሲወረድ ሞተሩ ራሱ ይይዛል። ፍሬን እምቢ ካለ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መምታት፣ ማርሽ መቀነስ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ መሳብ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ስለዚህ ሾፌሩ ፔዳሉን ሲደጋግም ካያችሁ ዝም አትበሉ። «ወንድሜ፣ ፍሬኑን አሳይተኸዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።