የኬትሉ ነጭ ቅርፊትና የሳሎኑ እብነ በረድ

አስተርጓሚ ስለሆንኩ በስልኬ የሚደርሱኝ ፎቶዎች የሥራ ውልና የፍርድ ቤት ደብዳቤ ብቻ ይመስሏችሁ ይሆናል። ግማሾቹ የጠርሙስ ፎቶዎች ናቸው። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ጠርሙስ፤ ከሥሩ ደግሞ «ይሄ ምን ይላል? ለምንድን ነው የሚሆነው?» የሚል ጥያቄ። በቅርቡ አንዲት እህት ሁለት ፎቶ ላከችልኝ። አንዱ ጠርሙስ ነው። ሌላው ነጭ የሳሎን ወለል ሲሆን መሃሉ ላይ የብርጭቆ ቂጥ የሚያክል የደበዘዘ ክብ አለ። «ስፈትገው አልለቅ አለኝ፤ ማዳም ሳታየው በምን ላስለቅቀው?» ትላለች።

አይለቅም። ምክንያቱን ለመረዳት ከሳሎኑ በፊት ወደ ኩሽና እንግባ።

የሻይ ውሃ የምታፈሉበትን ኬትል ከፍታችሁ ታቹን ተመልከቱ። ነጭ፣ ሻካራ ቅርፊት ታያላችሁ። ቆሻሻ አይደለም፤ ድንጋይ ነው። የኬሚስትሪ ስሙ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል። የባሕረ ሰላጤው የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው ጨው የወጣለት የባሕር ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ እንዳለ ቢለቀቅ ቧንቧውን ስለሚበላ፣ ከማጣሪያው ሳይወጣ በኖራ ድንጋይ ላይ ያሳልፉታል ወይም ኖራ ይጨምሩበታል። ኩዌት ውስጥ ደግሞ ጨዋማነት ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ይቀላቀልበታል። ስለዚህ ውሃው ጥርት ብሎ ቢታይም ካልሲየም ሟሙቶበታል። ሟሙቶ የሚቆየው በውሃው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እስካለ ድረስ ነው። ስታፈሉት ጋዙ ይወጣል፤ ካልሲየሙም መልሶ ድንጋይ ሆኖ ኬትሉ ላይ ይለጠፋል። የሻወሩን ቀዳዳ የሚደፍነውና የቧንቧውን አፍ ነጭ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ይህ ድንጋይ አሲድ አይችልም። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ሲነካው አረፋ እያወጣ ይሟሟል። (ለአጥንት የሚታዘዘው የካልሲየም ክኒንም ብዙ ጊዜ ይኸው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከምግብ ጋር ውሰዱት የሚባለው የሆድ አሲድ እንዲያሟሟው ነው።) ለኬትል ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግም። ቅመም ቤት ሄዳችሁ «ሚልሕ ለይሙን» በሉ። ትርጉሙ «የሎሚ ጨው» ነው፤ ጨው ግን አይደለም፣ ሲትሪክ አሲድ የሚባል ነጭ ዱቄት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ ለግማሽ ሰዓት ተዉት፣ ድፉት፣ ከዚያ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ሱፐርማርኬት «ሙዚል አት-ተከሉሳት» ተብሎ የሚሸጠው ጠርሙስም ሥራው ያው ነው። «ተከሉሳት» ኖራን ከሚያመለክተው «ኪልስ» ከሚል ቃል የመጣ ነው። አረቦች ኖራን «ኑራ» ብለውም ይጠሩታል፤ የእኛው «ኖራ» የቅርብ ዘመዱ መሆኑ ያስታውቃል።

አሁን ወደ ሳሎኑ እንመለስ። አረቦች «ሩኻም» የሚሉት እብነ በረድ በምድር ውስጥ በሙቀትና በግፊት የጠነከረ የኖራ ድንጋይ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከኬትሉ ቅርፊት ጋር አንድ ነገር ነው። ኬትሉን ነጻ የሚያወጣው ሎሚ የሳሎኑን ወለል ይበላል። እህታችን ያየችው ክብ እድፍ ሳይሆን የድንጋዩ ቆዳ የተላጠበት ቦታ ነው። በፈተገችው ቁጥርም የባሰ ይደበዝዛል።

ለዚህ ነው በእብነ በረድ ላይ ኮምጣጤ፣ ሎሚና የመጸዳጃ ቤት አሲድ ፈጽሞ አታሳርፉ የምለው። በሴራሚክ ላይም ቢሆን ጠንካራ አሲድ በንጣፎቹ መካከል ያለውን ሲሚንቶ ይበላል፤ እሱም የካልሲየም ዘር ነው። ወለሉ እብነ በረድ መሆኑን ካልለያችሁ «ሃዳ ሩኻም?» ብላችሁ መጠየቅ አያሳፍርም። ሎሚ ከፈሰሰባችሁ ወዲያው በጨርቅ ምጠጡና በብዙ ውሃ እጠቡት። ተበልቶ ካገኛችሁት ደግሞ አትደብቁት። «ሃዳ ሙ ወሰኽ፤ አል-ሓሚድ አከል አር-ሩኻም» በሉ፤ «ይህ ቆሻሻ አይደለም፣ አሲዱ እብነ በረዱን በልቶታል» ማለት ነው። ድንጋይ የሚያለሰልስ ባለሙያ እንደገና ሊያበራው ይችላል።

የወለሉ ነገር በገንዘብ ያልቃል። በሕይወት የሚመጣው ሌላ ነው።

መጸዳጃ ቤቱ ኖራ ይዞ አሲድ ታፈሱበታላችሁ። አልነጣ ሲላችሁ ደግሞ በረኪና ትጨምራላችሁ። ሁለት ጠንካራ ነገር አንድ ላይ ይበልጥ ያጸዳል ብሎ ማሰብ ብዙዎች የሚሳሳቱት ስህተት ነው። በረኪና፣ በብዙ ቤት ክሎሮክስ ወይም ክሎር የሚባለው፣ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በተባለ ቦታ ጀርመኖች በጠላት ምሽግ ላይ የለቀቁት ጋዝ ይኸው ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፤ ተንበርክካችሁ ስታጸዱ አፍንጫችሁ ያለው ደግሞ እዚያው ነው። ኮምጣጤም፣ የሎሚ ጨውም፣ ሙዚል አት-ተከሉሳትም ከበረኪና ጋር አይገናኙ። የመስታወት ማጽጃ ውስጥ የሚገኘው አሞኒያም እንዲሁ፤ ከበረኪና ጋር ሌላ መርዛማ ጋዝ ይሰጣል። አንዱን ከተጠቀማችሁ በብዙ ውሃ ሳታጥቡ ሌላውን አታስከትሉ። መዋኛ ገንዳ ባለበት ቤት የሚቀመጠው ነጭ የክሎር ዱቄትም ብዙ ጊዜ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ አሲድ ሲነካው ያው ነው።

ጉሮሮን የሚያንቅ ሽታ ከመጣ አጥቤ ልጨርስ አትበሉ። ባልዲውን እዚያው ትታችሁ ውጡ፣ ልጆቹንም አውጡ። ለመውጣት የማዳምን ፈቃድ አትጠብቁ። ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካልተዋችሁ አምቡላንስ ይጠራ፦ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታርና ባሕሬን 999፣ ኦማን 9999። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ውሃ እጠቡና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ስለ ቁምሳጥኑ እቃም ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። እርጥበት እንዲመጥ የሚሰቀለው ነጭ ፍሬ ካልሲየም ክሎራይድ ነው፤ ከሥሩ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ውሃ መስሎ ይታያል እንጂ ውሃ አይደለም። የማዳም የቆዳ ቦርሳ ላይ ከፈሰሰ ቆዳውን ያበላሻል፣ እጅንም ያቃጥላል። ሳትነኩት ከነከረጢቱ አውጡት።

ለእህታችን የላይኛውን የአረብኛ ዓረፍተ ነገር በድምፅ ቀድቼ ላክሁላት። ማዳሟ ተቆጣች፣ ግን ከደመወዟ አልቆረጠችባትም፤ ክቡ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ትናንት ደግሞ አዲስ ጠርሙስ ፎቶ አንስታ ልካለች፦ «ይሄስ ለሩኻም ይሆናል?»