ያውቁ ኖሯል? የጎጃም መንገድ በሚያዝያ ሙቀት

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ለሚጓዝ ሰው ሙቀቱ የሚጠናበት ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የአባይ በረሃ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ መልሶ ይወጣል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ የአየሩ ሙቀት በግምት 6 ዲግሪ ይጨምራል። ማለዳ ጎሃ ጽዮን ላይ የተደረበው ጋቢ ድልድዩ ጋ ሲደረስ ተጣጥፎ ጉልበት ላይ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። «መስኮት ይከፈት» የሚለው ወጣትና «ንፋስ ይመታኛል» የሚሉት እናት የሚከራከሩትም እዚሁ ነው። እናታችን ቅር አይበላቸው እንጂ፣ ሕፃን ያዘለች ካለች ቢከፈት ይበጃል።

ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም ይከተላሉ። ቡሬ ላይ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል፤ የባሕር ዳሩ ሽቅብ ወደ እንጅባራ ደጋ ይወጣል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል።

እንጅባራ ከመግባትዎ በፊት ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ፣ በዛፍ የተከበበ ዘንገና የሚባል ሐይቅ አለ። በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ክብ ውኃ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 1 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ይደርሳል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለው ጣና እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይጠልቅም!